በሰሜን በኩል የተቀመጠው ሰውዬ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ከሰዓት 11 ሰዓት ተኩል

ደብተሬ፣ እግሬ አልቋል። ዛሬም ጋራውን ወጣን። ዛሬም ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። አንድ ነጥብ ላይ ቆመሽ፣ ኮምፓስ ይዘሽ፣ በየአቅጣጫው ፎቶ። ከዚያ አፑ ላይ መሙላት ነው፦ ደን? ቁጥቋጦ? ሳር? ቤት? ናሆም "ወደ ታች" የምትለዋ ፎቶ ላይ እንደ ልማዱ ጫማውን አስገባ። አዲስ ስኒከር ገዝቷላ! ሳተላይት ይይልኝ ነው ነገሩ።

የክለባችን ኃላፊ ቲቸር ደመላሽ (ጂኦግራፊ) እንደሚለን ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ይገምታል፣ እኛ ከታች ቆመን እውነቱን እንነግረዋለን። ቁጥቋጦውን ደን ሲለው "ኧረ አይደለም" የምንለው እኛ ነን። ማን ይሙት፣ ደስ ይላል። በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት ከክፍል መውጣቱ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል።

ቡድናችን እኔ፣ ናሆምና ሲፈን ነን። ናሆም ቀልደኛው ነው። የሲፈን አያቶች እዚሁ ጋራ ሥር ያርሱ ነበር፤ ከጫካው ጥበቃ ከጋሽ ቶላ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ስትጀምር ሰውየው ፊቱ ይፈታል፣ መንገዱ ይከፈታል። እሷ ባትኖር ከበሩ ነበር የምንመለሰው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከነጥባችን በሰሜን በኩል፣ ባህር ዛፎቹ ሥር አንድ ሰውዬ ይቀመጣል። ባለፈውም ነበር፣ ዛሬም አለ። ካፖርት፣ ኮፍያ፣ ጀርባውን ለከተማውም ለእኛም ሰጥቶ። ናሆም "ጋሼ ሰሜን" ብሎ ስም አወጣለት። በሳቅ ፈረስን። ሲፈን በሥራ ቀን እዚህ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀች። ሚስቱ አባርራው ይሆናላ አልኩ እኔ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አባቢ ገባ። ስብሰባ ጨረሰኝ ብሎ ሶፋው ላይ ወደቀ። ራት ልሂድ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ካፊያ። ጭቃ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ጭቃ ይዤ ስገባ ማሚ ጮኸችብኝ። ልክ ናት።

ጋሼ ሰሜን ዛሬ ጃንጥላ ይዟል። በዝናብ! ናሆም አፑ ላይ አንድ አማራጭ ይጨመርልን አለ፦ ደን፣ ቁጥቋጦ፣ ሳር፣ ጋሼ። ሲፈን እንኳ ሳቀች፣ እሷ በሰው መቀለድ የማትወደው።

ፎቶው ላይ ሰው መግባት የለበትም፣ መመሪያው ይላል። ግን ማን ሄዶ ይነሱልን ይበል? ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት ተነሱ ይባላል እንዴ? ነውር ነው። እናም እንዳለ አነሳነው። ጀርባው እንደሁ አይናገር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ጉድ ፈላ! ቲ. ደመላሽ ጠራን። የሰሜን ፎቶዎቻችን በሙሉ ወደቁ። በሙሉ! ሰው ያለበት አይቆጠርም፣ ውጤታችሁ ተሰረዘ፣ ልፋታችሁ ገደል ገባ አለን። በወሩ መጨረሻ ምርጥ ቡድን ተመርጦ በትልቅ አዳራሽ ሥራውን ያቀርባል፤ ያ ቡድን እኛ ልንሆን ነበር። ሲፈን አለቀሰች። እኔ በግልጽ ልናገር፣ በጋሼ ሰሜን ተናደድኩ። አገር ሙሉ ጋራ እያለ የኛ ሰሜን ላይ ምን ያስቀምጠዋል?

ቲቸር በጨዋ ደንብ ጠይቁት አለ። ማን? እኔ። አፌ ጣፋጭ ነው አሉ። ናሆም ትላልቅ ሰዎች አንቺን ይወዱሻል አለ። እሺ አልኩ፣ ምን ይገድላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26፣ ማታ 2 ሰዓት

ጽሑፌ አላማረም፣ ተይኝ።

በስመአብ። በስመአብ ወወልድ።

ቀስ ብዬ ልንገርሽ። ነጥቡ ጋ ደረስን። ሰውዬው አለ። ናሆም ገፋኝ። ብቻዬን ወጣሁ፣ መንገድ ላይ እያጠናሁ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፣ ተማሪዎች ነን፣ ለትንሽ ደቂቃ ቢነሱልን። ቅጠሉ ረጥቧል፣ እግሬ ድምፅ አላሰማም።

መጀመሪያ ያየሁት ቦርሳውን ነው። ከጎኑ መሬት ላይ። ሰማያዊ የልጅ የምሳ ቦርሳ፣ ዳይኖሰር ያለበት። የታናሽ ወንድሜ የቢኒ የድሮው ዓይነት። የአባቢ የምሳ ቦርሳ ዚፑ ሲበላሽ ማሚ እሱን ሰጥታው የለ? ሳቄ መጣ፤ ይሄም ሰውዬ የልጁን ነጥቋል ብዬ።

ከዚያ ሳለ።

ሳል ይታወቃል? ይታወቃል! በየጠዋቱ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሜ የምሰማው ሳል ነው። ክው አልኩ። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ አናቱን አሸ። ያ መላጣ። ማሚ "ጨረቃዋ ወጣች" እያለች የምትቀልድበት መላጣ።

አባቢ ነው። አባቴ! ጋሼ ሰሜን አባቴ ነው!

ዛፍ ያዝኩ። አላየኝም። ምን ያደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ? ምንም። ስልክ አያይ፣ ጋዜጣ አያነብ። ዝም ብሎ ዛፍ ያያል። አሁን መሥሪያ ቤት ነው የተባለው ሰው! አባቢ ኮፍያ አድርጎ አያውቅም እኮ፤ ኮፍያውን የት ነው የሚያስቀምጠው? ካፖርቱንስ?

ወደኋላ ወደኋላ እያልኩ ወረድኩ። ሁለቱ ምን አለ ብለው ከበቡኝ። እምቢ አለ አልኩ። ምን ልበል? እምቢ አለ! ናሆም ምን አባቱ አለ። ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን ይጮኻል።

ማታ እንደ ሁልጊዜው በሰዓቱ ገባ። ዛሬ አለቃው አናዶት እንደዋለ ነገረን። አለቃው! ወጡን እያየሁ ተቀመጥኩ። አልወርድልኝ አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ጠዋት እንደ ፖሊስ ስጠብቀው ነበር። ጫማውን ወለወለ። ሸሚዙ ተተኩሷል። ማሚ ዳይኖሰሩን ሰጠችው፣ መልካም ሥራ አለችው። ቢኒን ግንባሩን ሳመው። እኔን ፊትሽ ልክ አይደለም፣ አሞሻል እንዴ አለኝ። እሱ እኔን!

ለራሴ ፈቃድ ይሆናል አልኩ። ሰው ፈቃድ ወጥቶ ጫካ አይውልም? ግን በዝናብ? በየሳምንቱ? ከትምህርት በኋላ ልቤ አልችል ብሎ በታክሲ መገናኛ ወረድኩ። የአባቢ ድርጅት ያለበት ሕንፃ። ፎቁ ላይ የነበረው ታፔላ የለም። የበሩ ዘበኛ ማንን ነው የምትፈልጊው አለኝ። ነገርኩት። እነሱ እኮ ክረምት ላይ ዘግተው ወጡ ልጄ፣ አልሰማሽም?

አልሰማሁም ጋሼ። እቤታችን ማንም አልሰማም።

ክረምት ላይ! ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ "ኦዲተር መጣብን"፣ ያ ከሒሳብ ክፍል ጋር የተጣላው ጣጣ፣ ሁሉም ፈጠራ? ከሳምንት ሳምንት የሚቀጥል ነበር እኮ! ማሚ "ከዚያስ ምን አለህ?" እያለች ትጠይቀው ነበር። ማሚዬ ምስኪን። እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ማታ የሚያወራልንን ሲፈጥር ይውላል ማለት ነው።

ለምን ካፌ አይቀመጥም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ። ካፌ ሰው ያየዋል። ሲ.ኤም.ሲ ብትይ፣ አያት ብትይ፣ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ጋራው ላይ ማን ያየዋል?

እኛ። በኮምፓስ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ናሆም! አፉን! በቴሌግራም ግሩፓችን ለቲ. ደመላሽ ሁሉን ነግሮታል። ነግሮትም አላበቃ፣ ቅመም ጨምሮበታል፦ ሰውዬው እምቢ አለ፣ ልጅቷን አመናጨቃት፣ ፈርታ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ፊቴ አመድ መምሰሉ እውነት ነው። ሌላው ከኔ ውሸት የተወለደ ውሸት ነው።

ቲቸር ተቆጥቷል። ለተማሪ ደህንነት ነው፣ በሥራ ሰዓት ጫካ የሚውል ሰው ያጠራጥራል፣ ረቡዕ ራሴ አብሬያችሁ እመጣለሁ፣ ጥበቃዎቹ መታወቂያውን አይተው ያነሱታል አለ። ክፍሉ ሙሉ አውራ ጣት ደረደረ። ናሆም በቪዲዮ ልቅረጸው ወይ ብሎ የሚስቅ ፊት ላከ።

ታይቶሻል? አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ። ጥበቃ ከበላዩ ቆሞ መታወቂያ ሲለው። እኔ ከታች ኮምፓስ ይዤ። ስሙን ሲያነቡት ደግሞ የኔ የአባት ስም!

ለማሚ ልንገራት? ለሱ ልንገረው? ምን ብዬ? አባቢ፣ እንደምትዋሽ አውቃለሁ ልበለው? ኧረ አልችልም።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ተናገርኩ። ግን በዘዴ። ዘዴ ከተባለ።

ምሳ ላይ ነበርን፣ አራታችንም። ስለ ክለባችን ልንገራችሁ ብዬ ጀመርኩ። በሰሜን በኩል አንድ ሰውዬ ይቀመጣል፣ ፎቶአችን ሁሉ ወደቀ፣ ረቡዕ ቲቸራችን ጥበቃ ይዞ ሄዶ ሊያስነሳው ነው አልኩ። ሳህኔን እያየሁ።

የአባቢ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቆመ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቢኒ ሌባ ነው፣ ሌባ ነው እያለ ጮኸ። ማሚ ዝም በል ብላ በማታውቀው ቁጣ ተቆጣችው፣ ከዚያ ድንገት ተነስታ ለአባቢ ወጥ ጨመረችለት፤ ሳህኑ ላይ እኮ ሞልቷል።

አባቢ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትሄዱት አለኝ። የአየር ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው። ከሰዓት አልኩት። እህ አለ። ጎረሰ። ቆይቶ፣ ሰውዬው ክፉ ላይሆን ይችላል፣ ፎቶ ማበላሸቱን አላወቀም ይሆናል አለ። ከዚያ ሳቀ። እንዲህ ዓይነት ሳቅ ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በላው።

እንደማውቅ አውቆ ይሆን? ወይስ የልጁ ክፍል መሆኑን ብቻ ነው የሰማው? አልገባኝም። ብቻ ሰምቷል። ረቡዕ አይመጣም። ተመስገን። ተገላገልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

ተገላገልኩ ያልኩት እኔ ነኝ? እርኩስ!

ወጣን። ቲቸር ከፊት፣ ሁለት ጥበቃዎች ከኋላ። ባህር ዛፎቹ ሥር ማንም የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰሜንን አነሳሁ። እንዲህ ያማረ ፎቶ አንስተን አናውቅም፤ ግንድ፣ ቅጠል፣ ብርሃን፣ ባዶ። ቲ. ደመላሽ ስልኬን ወስዶ አየውና ዳታ ማለት ይሄ ነው ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሰውዬው የተቀመጠበት ሳር ብቻ ተኝቷል፣ አልተነሳም። ፎቶው ላይ አይታይም። እኔ ግን አየሁት።

በዚያው ቢያበቃ። ጋሽ ቶላ መጣ። ከሲፈን ጋር ማውራት ጀመሩ፣ በኦሮምኛ፣ ረጅም። ናሆም ምን አለ ምን አለ ብሎ ነዘነዛት። ሲፈን እየተረጎመች፦ ሰውዬው ዛሬ በጠዋት መጥቶ ነበር፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ከክረምት ጀምሮ ይመጣል፣ አንድ ቅርንጫፍ ሰብሮ አያውቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አልቀመጥም ብሎ ተሰናበተኝ፤ ለምን ስለው...

ሲፈን ቆም አለች። ጋሽ ቶላን ደግማ ጠየቀችው። ደገመላት።

ለምን ስለው፣ እነዚያ ልጆች ውስጥ ልጄ አለች፣ ሥራዋን አላበላሽባትም አለኝ።

ናሆም ፈነዳ። የማን አባት ነው? የማን ነው? ብሎ ወደ ሲፈን፣ ወደ እኔ፣ ደግሞ ወደ ሲፈን፣ ጥርሱን እንደከፈተ። ዝም ልል እችል ነበር። በሆዴ ዝም በይ፣ ዝም በይ እላለሁ። አፌ ግን፦

"የኔ።"

ደብተሬ፣ የናሆም ጥርስ ሳይከደን ቀረ። ሲፈን እጄን ያዘችኝ። ቲ. ደመላሽ ኮምፓሱን ኪሱ ከተተ፣ ከዚያ አወጣው፣ መልሶ ከተተው። ጥበቃዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ስንወርድ ናሆም ከኋላዬ ይቅርታ፣ በእናትሽ ይቅርታ፣ አላወቅኩም እኮ አለ። እኔስ መቼ አወቅኩ? ሚስቱ አባርራው ይሆናላ ያልኩት እኔ አይደለሁም?

የጨነቀኝ ሌላ ነው። አሁን የት ይውላል? በዚህ ከተማ ያለችው አንዲት ቦታ እሷ ነበረች። ለፎቶ ብዬ አስነሳሁት።

እዚያው ቀን፣ ማታ 1 ሰዓት

ለማሚ ነገርኳት። ኩሽና ውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ። ከምትሠራበት ፋርማሲ ገና መግባቷ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፦ ሥራ የለውም፣ ድርጅቱ ተዘግቷል፣ ጫካ ነው የሚውለው፣ ይዋሸናል።

ዞር አላለችም። ቢላዋው አልቆመም። አውቃለሁ አለች።

ምን?

አውቃለሁ ልጄ።

የምታውቀው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ለቅሶ ቤት የአባቢ የአንድ የሥራ ባልደረባ ሚስት አጠገቧ ተቀምጣ፣ አይዟችሁ፣ እኛም እንደናንተው ነን ብላ አጽናናቻት። ማሚ ምን እንደሚባል አታውቅም ነበር፤ አሜን አለች። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ ምሳ ትቋጥራለች፣ መልካም ሥራ ትላለች፣ ማታ ከዚያስ አለቃህ ምን አለህ እያለች ትሰማዋለች። የት እንደሚውል ግን አታውቅም ነበር። እሁድ ምሳ ላይ ነው ያወቀችው። ከኔ አፍ።

ተናደድኩ። ጮህኩ። እንዴት ዝም ትያለሽ? እንዴት እያወቅሽ ከቤት ታስወጪዋለሽ? ቀስ በይ፣ ቢኒ ይሰማል አለች። ከዚያ፣ አውቃለሁ ብዬ ብነግረው ምን ይቀርለታል፣ እሱ ራሱ እስኪነግረኝ ነው የምጠብቀው አለች። እንባዋ ወረደ። የሽንኩርቱ አይደለም።

ቁልፍ ተሰማ። ገባ። እጁ በረዶ ነው፤ ጉንጬን ሲነካኝ ደነገጥኩ። ማሚ ፊቷን ጠርጋ፣ ስብሰባው እንዴት ነበር አለችው። ደህና፣ ተራዘመ አለ።

እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ላብድ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ብቻውን። ማሚ ትጠብቅ። እኔ ግን አልጠብቅም። ነገ ጠዋት አብሬው እወጣለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ረፋድ

ጋራው ላይ ነኝ። ከሱ ጋር።

ጠዋት በር ላይ ጫማዬን አድርጌ ቆምኩ። ገና ሰዓትሽ አልደረሰም አለኝ። ካንተ ጋር ነው የምሄደው አልኩት። ወደ ማሚ አየ። ማሚ የምሳ ቦርሳውን ስትሰጠው ዛሬ ከበደው፤ እንጀራ ጨምራበታለች።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን። የትምህርት ቤቴ መውረጃ ደረሰ፣ አልወረድኩም። አባቢ ረዳቱን አየ፣ እኔን አየ። ወራጅ አላለም። ታክሲው ሄደ። እሱ በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረ፣ ጆሮው ቀላ። መጨረሻው ላይ ወረድን፣ በእግር ጀመርን። እኔ ቀደምኩ። መንገዱን እንደማውቅ ያኔ ገባው። ከኋላዬ ቆመ። ዞርኩ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ደብተሬ። አሁን አየሁ። መሃል መንገድ ላይ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ።

አንዲት ሱቅ ጋ ቆመን ካፖርቱንና ኮፍያውን ወሰደ፤ ባለሱቋ ታስቀምጥለታለች ለካ። ልጄ ናት አላት። ስትመስልህ አለችው።

አዲሱ ቦታው ከጫካው ጫፍ ወዲያ ነው። ዛፍ የለም፣ ሳርና ድንጋይ ብቻ፣ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ትናንት እዚህ ነው የዋለው! ለዚህ ነው እጁ እንዲያ የቀዘቀዘው። ና አልኩት፣ ባህር ዛፎቹ ጋ እንመለስ፣ የሰሜንን ፎቶ ረቡዕ ብቻ ነው የምናነሳው፣ ለዚያች ሰዓት ትነሳልናለህ። ሥራሽስ? አለኝ። አባቢ ና አልኩት። መጣ።

ካፖርቱን ለሁለት ለብሰነዋል። ምሳውን ገና በጠዋቱ ከፍቶ እኩል አደረገው። ብዙ አወራን። ደብዳቤውን የሰጡት ዕለት እቤት መጥቶ ሊነግረን አስቦ ነበር፤ በር ሲከፍት ቢኒ ሮጦ እግሩ ላይ ተጠመጠመ፣ ማሚም አለቃህ ዛሬስ እንዴት ዋለ አለችው፤ ደህና አለ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋበት። ሥራ ሲፈልግ ነበር፣ በየቦታው ማመልከቻ አስገብቷል፣ ዕድሜህ ይሉታል። ከሰዓት ሲሆን እግሩ ሲደክም ወደዚህ ይመጣል። እዚህ ማንም ምን ሠራህ አይለኝም አለ።

አሁን ደግሞ ወሰነ። ዛሬ ማታ ለእናትሽ እነግራታለሁ አለ። ትቀየመኝ ይሆን? ትደነግጣለች፣ አይደል? ልቧ ቀጥ ይላል ብዬ ፈርቼ ነው እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ።

ታውቃለች የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ብነግረው ማታ ምን ይዞ ይገባል? ንገራት አባቢ፣ እሷ ጠንካራ ናት አልኩት።

ሽንት ቤት ብዬ ከዛፎቹ ወዲያ ሄጄ ለማሚ ደወልኩላት። ፋርማሲ ውስጥ ሰው ይንጫጫል። ማታ አባቢ አንድ ነገር ሊነግርሽ ነው፣ አንቺ ግን ምንም አታውቂም አልኳት። የዘጋችው መስሎኝ ነበር።

እሺ ልጄ፣ እደነግጣለሁ አለችኝ።